ከሮማኑ ኋላ የተቀመጠችው

ረጅሙን ሌንሴን ለአንዲት የሠርግ ፎቶ አንሺ ያስረከብኩት ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ነው። የቀኝ ትከሻዬ ካመመኝ ቆይቷል። ሐኪሙ እጄን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረገ «ምን ስትሸከሚ ኖረሽ ነው?» ሲለኝ «አበባ» አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን እውነቴን ነበር። ያ ሌንስ ከነካሜራው የአንድ ደህና ዱባ ያህል ይመዝናል፤ ያን ዱባ ዓይኔ ላይ ደግፌ ከሃያ ዓመት በላይ አበባ ሳነሳ ኖሬያለሁ።

ሰው አበባ ሲያነሳ አይታችሁ ከሆነ ይጠጋል፤ ይንበረከካል፣ አፍንጫውን ሊያስገባ ምንም አይቀረው። እኔ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ኳስ ሜዳ ወይም ዛፍ ላይ ያለች ወፍ በሚነሳበት ሌንስ፣ ሦስት እርምጃ ርቄ፣ አንዲት አበባ። የጀጎል ሰው መጀመሪያ ሰሞን «ሰብለ ቧንቧ ይዛ መጣች» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በኋላ ለመዱኝ።

ፎቶ ቤቴን ስዘጋ ዕቃውን ሁሉ ለዚህም ለዚያም አደልኩ። መብራቱን፣ ወንበሩን፣ ሥራ ያስተማሩኝን የጋሽ ተሰማን የእንጨት ሣጥን ሳይቀር። አንድ ፎቶ ግን ከዚያ ሁሉ ቀድሞ ከመሳቢያዬ ወጥቶ ነበር። የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የፎቶውን ባለቤት ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ዋሽቻታለሁ። ስለ ሥራ ዘመኔ ልጻፍ ብዬ ስነሳ የመጣብኝ እሱ ነው፤ እዚያ እስክደርስ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

የተወለድኩት ከግንቡ ውጭ ነው። አያቶቼ ከሸዋ መጥተው ሐረር ላይ የቀሩ ናቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ሸዋ በር አጠገብ ጋሽ ተሰማ ፎቶ ቤት ተቀጠርኩ። ሥራዬ መጥረግና ኤንቨሎፕ ላይ የደንበኛ ስም መጻፍ ነበር። ደመወዜ ከስሙ በላይ አልነበረም። ጋሽ ተሰማ ከጎጃም በመምህርነት ተመድበው መጥተው፣ ካሜራው ከጠመኔው በልጦባቸው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ኮታቸውን በሙቀትም አያወልቁም። ሌንስ የሚጠርጉት በአሮጌ የጥጥ ሸሚዛቸው እጅጌ ነው፤ ሸሚዙ ሲያልቅ እጅጌው ለሌንስ፣ ጀርባው ለወለል ይሰጣል።

ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ሐይቅና ጽጌረዳ የተሳለበት ሸራ ነበር። ሙሽራ ሁሉ እሱ ፊት ነው የሚቆመው። ጋሽ ተሰማ ያን ሸራ ማየት አይወዱም። «ውጭ እግዜር የሠራው ሞልቶ ሳለ እኛ በቀለም የተለቀለቀውን እናከራያለን» ይላሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካሜራቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እኔም ቦርሳውን ይዤ እከተላለሁ። ሐኪም ጋራ ወጥተን የእሬት አበባ እናነሳለን፤ የቡና አበባ ከሆነ ደግሞ ሶፊ እንወርዳለን። የቡና አበባ ከዝናቡ በኋላ ፈክቶ ዕድሜው ሁለት ቢበዛ ሦስት ቀን ነው፤ ቀኑ ካመለጠ ዓመት ነው የሚጠበቀው።

እንዲህ የሚያስቸኩል ነገር እያለ ጋሽ ተሰማ አንድ ልማድ ነበራቸው። ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ነው የሚያነሳው። የመጀመሪያዋ ሁልጊዜ የባለቤቱ ናት። ማሳ ከሆነ ገበሬውን፣ ግቢ ከሆነ የቤቱን እመቤት። «ይቺ የመግቢያችን ናት» ይላሉ። ያቺን አንስተው፣ ስም ጽፈው ኪሳቸው ከከተቱ በኋላ ነው ወደ አበባው የሚዞሩት። ፊልሙ ሲታጠብም መጀመሪያ የሚታተመው የመግቢያው ነው፤ የራሳቸው አበባ ወር ቢቆይ ግድ የላቸውም። ታትሞ ሲደርቅም በሰው አይልኩም፤ ራሳቸው በእግራቸው ሄደው ያደርሳሉ።

አንድ ቀን ሶፊ ላይ ደመናው ወርዶ ቡናው ሊረግፍብን ሲል «ጋሼ፣ ሰውየውን በኋላ ቢያነሱት ምናለ?» አልኳቸው። ካሜራውን ከዓይናቸው አወረዱ።

«ሰብለ፣ አበባው እኮ የሰው ነው» አሉኝ። ገበሬውን አነሱት፤ ዝናቡም መጣ፤ እኛም ሳናነሳ ተመለስን። መንገዱን ሁሉ አኮረፍኳቸው።

ከስድስት ዓመት በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ፎቶ አንሺ ፈልጎ ገባሁ። ርክክብ፣ ምረቃ፣ ስብሰባ ነበር የማነሳው። የመጀመሪያው አለቃዬ ሪባን የሚቆርጡት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ለሕዝቡ፣ አንዴ ለእኔ። «ፈገግታዬ አልወጣም» ካሉ ሪባኑ እንደገና ይታሠራል። ሁለተኛዋ አለቃዬ ዝምተኛ ሴት ነበረች። ረጅሙን ሌንስ ያገኘሁት በእሷ ዘመን ነው። ለበዓል ሰልፍ ተብሎ ተገዝቶ፣ ከብዶ ማንም አልይዝ ብሎት መጋዘን ተቀምጦ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በሞዴል ሃያ ሁለት እየፈረምኩ እንድወስደው ፈቀደችልኝ፤ ሰኞ ጠዋት እመልሳለሁ።

ይዤው የሮጥኩት ወደ ጋሽ ተሰማ ነው። በዚያን ጊዜ አርጅተዋል፤ ፎቶ ቤቱን ትተው ቤታቸው በረንዳ ላይ ነው የሚውሉት። ረጅም ሌንስ ሩቅ ይወዳል፤ ወደ አበባው ስትቀርቡ ብዥ ይልባችኋል፣ ስትርቁ ደግሞ አበባዋ ትንሽ ትሆናለች። ጋሽ ተሰማ ትንሽ አስበው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አምጪ አሉኝ። ሁለቱን አፍ ቆረጡ፤ በአንዱ ጫፍ የካሜራውን ክዳን፣ በሌላው የሌንሱን የኋላ ክዳን መሃላቸውን በስተው አጣበቁ። ውስጡ ብርሃን እንዳይመልስ፣ መኪና ግርግር ከሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች የለመንኩትን ጥቁር ከፋይ አለበሱት። ሌንሱና ካሜራው በቆርቆሮው ተራራቁ፤ ሌንሱም የቅርቡን ማየት ቻለ። ያን ጊዜ በካሜራው ማያ ቀዳዳ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በረንዳው ላይ በጣሳ የተተከለች አንዲት ተራ አበባ ነበረች። በሌንሱ ሳያት ከጠርዟ በቀር ሁሉም ነገር ቀልጧል። ጣሳው የለም፣ አጥሩ የለም፣ ጎረቤት ያሰጣው አንሶላ ነጭ ጭጋግ ሆኗል።

ሥራውን ያስተማረኝ ከዚያ በኋላ የጀጎል ግድግዳ ነው። በረጅም ሌንስ ከአበባዋ ኋላ ያለው ነገር ቅርጹን አጥቶ ቀለም ብቻ ይሆናል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ስትሉ አረንጓዴ ግድግዳ፣ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ስትሉ ሐምራዊ፤ አበባዋ ያው ናት፣ ዓለሟ ግን ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ጨርቅ ሲዘረጉ ጠብቄ አንስቻለሁ። ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ ሲሰጣ ጠብቄ አንስቻለሁ። አንዳንዴ ቅጠል ሌንሱ አፍ ላይ አስጠግቼ እይዛለሁ፤ በሱ ውስጥ ሲታይ አበባዋን አረንጓዴ ጢስ የሸፈናት ይመስላል። ካሜራውን የማስደግፈው ሽምብራ በሞላሁት ከረጢት ላይ ነው። የጠራው ቦታ ከጥፍር አይወፍርም፤ ትንፋሼ ያጠፋዋል። ስለዚህ አየር አስወጥቼ፣ ገና ሌላ ሳልስብ ነው የምጫነው።

ጋሽ ተሰማ ሲያርፉ ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቄ የራሴን ፎቶ ቤት ከፈትኩ፤ የራሴንም ሌንስ ገዛሁ። ጉርድ ፎቶ ያበላኛል፤ ቅዳሜ ግን የአበባ ነው። በዚህ ዘመን ነው አዴ ሩቂያን ያወቅኋት።

አዴ ሩቂያ ኤረር በር አጠገብ ግቢዋ ውስጥ አንድ የሮማን ዛፍ ነበራት። ባሏ ሞቶ፣ ከልጇ ከነጃት ጋር ነበር የምትኖረው። የመጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ «እርስዎ ከፈቀዱልኝ» ስል ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም። አንቺ በዪኝና ግቢ፤ እርስዎ ስትይኝ በሩ ላይ የምትቀሪ ይመስለኛል።»

ገባሁ። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት፣ ሮማኑ ባበበ ቁጥር ገባሁ። በወተት የፈላ የቡና ቅጠል፣ ሆጃ፣ ትሰጠኛለች፤ እያነሳሁ ታሾፍብኛለች። «አቦ፣ ይህን ያህል ብታፈጪበት እኮ ዛፉ ያፍራል» ትላለች።

በጋሽ ተሰማ ደንብ የመጀመሪያዋ የእሷ ናት። ጠየቅኋት። ቀሚሷን ሁለት ጣት ይዛ «በዚህ? ወላሂ አይሆንም። ደህናውን የለበስኩ ቀን ታነሺኛለሽ» አለች። በዓመቱ ጠየቅኋት፤ ያንኑ አለች። በሦስተኛው ዓመት መጠየቅ ተውኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። ግቢው ጠባብ ነው፤ በረጅሙ ሌንስ ሰው ላንሳ ብል ከፊቷ አፍንጫዋ ብቻ ነው የሚገባልኝ። አጭሩን ሌንስ መሸከም ተውኩ። ከእሷ ቤት የጀመረው ሌላውም ቤት ቀጠለ፤ ካሜራው ዲጂታል ሆኗል፣ መጀመሪያና መጨረሻ የሚባል ፊልም የለም፣ ሌላ ቀን ይደርሳል እያልኩ የመግቢያዋን ሙሉ በሙሉ ረሳኋት።

በዘጠነኛው ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ፣ ገና ቆርቆሮዬን ሳልገጥም አዴ ሩቂያ ከቤት ወጣች። አትላስ የሚሉትን፣ የሚያብረቀርቀውን ወይን ጠጅ ቀሚሷን ለብሳለች። ሻሿን አሳምራ አሥራለች፤ የብር ጌጧን አድርጋለች።

«ዛሬ የኔ ተራ ነው» አለች። «ነጃት ልትወልድ ነው። የሚወለደው ልጅ አያቱን በእንዲህ ያለ ቀሚስ ይወቃት፤ ኢንሻ አላህ።»

ፀሐይ በግንቡ አናት አልፋ ያን ሮማን የምታገኘው ለሩብ ሰዓት ያህል ነው። በዚያች ደቂቃ አገኘችው። አንዲት አበባ ነበረች፤ ቀይ፣ ወፍራም፣ አፏ ገና መከፈቱ፤ ከንፈሯ ላይ የጤዛ ጠብታ አለ። «አንድ ጊዜ ብቻ አዴ፣ ፀሐይዋ ልትሄድብኝ ነው» አልኳት። እሺ ብላ ከዛፉ ኋላ፣ ግቢው ጥግ ያለው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

በቀዳዳው ሳይ ነጩ ግድግዳ በግማሽ ወይን ጠጅ ሆኗል። ስንት ዓመት ግድግዳ ሳሳድድ እንዲህ ያለ ቀለም አይቼ አላውቅም። ከሌንሱ ዓይኔን ሳላነሳ «አዴ፣ ትንሽ ወደ ግራ» አልኩ። ተጠጋች። «ትንሽ ደግሞ።» ተጠጋች። ወይን ጠጁ የአበባዋን ኋላ ሞላው። አርባ ያህል አነሳሁ። አዴ ሩቂያ አላሳለችም፣ ዝንብ እንኳ አላባረረችም። ወገቧን አቅንታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ሄደች።

«አነሳሽኝ?» አለች።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ የተቀመጠችው ለፎቶ ነው። እኔ መጋረጃ አድርጌያታለሁ። አጭሩ ሌንስ ፎቶ ቤት ነው ያለው። አላነሳሁሽም ብል ያን ቀጥ ያለ ወገቧን ምን እለዋለሁ? የሚመጣው ቅዳሜ ደግሞ ሌላ እንድንጨምር ብዬ አስለብሳትና በደንብ አነሳታለሁ፤ ማን ያውቃል? እንዲህ አሰብኩና «አዎ» አልኳት።

«ጥሩ ሆኜ ወጣሁ?»

«እንደ ሙሽራ።»

እየሳቀች ቀሚሷን ልትቀይር ገባች። ሆጃውን በአሮጌ ቀሚሷ ነው ያመጣችልኝ።

ሐሙስ ዕለት ፈረስ መጋላ ላይ አንድ ሰው አዴ ሩቂያ ሌሊቱን ማረፏን ነገረኝ። በደረስኩበት ሰዓት ተቀብራ ነበር። ነጃት ሆዷ ገፍቶ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ስቀመጥ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አለች። «እትዬ ሰብለ፣ በአትላሱ አነሳችኝ ብላ ለጎረቤት ሁሉ ስታወራ ነው የሰነበተችው። ሌላ ፎቶ የላትም። ከመታወቂያዋ በቀር የላትም።»

የካሜራዬ ካርድ ተበላሸብኝ አልኳት። እንዲያው በደረቁ። ነጃት «አላህ ያለው ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊ» ብላ እጄን ያዘች። እናቷ የሞተችባት እሷ፣ የተጽናናሁት እኔ።

ያቺ ፎቶ ከሥራዎቼ ሁሉ በላጯ ናት። ልሰርዛት ፈልጌ አልቻልኩም። አንድ የእንግዳ ማረፊያ በትልቁ አሳትሞ መግቢያው ላይ ሰቀላት። አዲስ አበባም አንድ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርባ ሰው ከበባት። የሚያያት ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አበባው አይደለም፤ «ከኋላ ያለው ቀለም ምንድን ነው?» ነው። «ግድግዳ ነው» እላለሁ። ጀጎል ውስጥ ያን ግድግዳ ሲፈልጉ የዋሉ ፎቶ አንሺዎች አሉ። ሰው ይህን ሲነግረኝ አልሳቅኩም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ፣ ፎቶ ቤቱን ልዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ ነጃት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋታል። በርጩማው ላይ አስቀመጥኳት። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት ወገቧን አቀናች፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ትንሽ ወደ ግራ» አልኳት። ተጠጋች።

ካሜራውን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ነጃት «አመመሽ?» አለችኝ። ደህና ነኝ ብዬ እንደምንም ልጅቷን አነሳኋትና ከመሳቢያው የደብተር ያህል የሆነችውን እትም አውጥቼ ለነጃት ሰጠኋት።

«ይቺ የእንግዳ ማረፊያው አይደለችም? ሥሯ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሻይ ጠጥቻለሁ።»

«ወይን ጠጁ ግድግዳ አይደለም» አልኳት። «አትላስ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ትንሽ ወደ ግራ ያልኩትን፣ አነሳሽኝ ብላ የጠየቀችኝን፣ ካርዱ ያልተበላሸ መሆኑን። ነጃት ከፎቶው ዓይኗን አላነሳችም። ስጨርስ «ሰባት ዓመት» ብቻ አለች። ፎቶውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ የልጅቷን እጅ ያዘች፣ ወጣች። ጉርድ ፎቶውን እንኳ አልጠበቀችም።

ሁለት ቀን ተኝቼ አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ጉርድ ፎቶውን አትሜ፣ ኤንቨሎፑ ላይ የልጅቷን ስም ጽፌ፣ በእግሬ ኤረር በር ወረድኩ። ሮማኑ ፍሬ ይዟል። በሩ ክፍት ነው። ነጃት ከአንዲት ጎረቤቷ ጋር መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ደጁ ላይ ቆሜ «እንደምን ዋላችሁ» ልል አፌን ስከፍት ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ፣ በተሰቀሉት ሰፌዶች መሃል አየኋት።

ያቺን ፎቶ ሺህ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ግን የአበባዋን ጠርዝ ለማየት ቀርቤ ነው። ከደጅ ሆኜ፣ ከዚያን ያህል ርቀት፣ አይቻት አላውቅም ነበር። ወይን ጠጁ ትከሻ አለው። ከላዩ ሻሽ አለ። ቀና ያለ ወገብ አለ፤ ከታች ደግሞ ሁለት ትንንሽ የእጅ ጥላዎች። ፊቷ የለም። ሳልገባ ደጁ ላይ ቀረሁ።

«ሳትቀርቢ እዪ» አለች ነጃት። «ከደጅ ነው የምትታየው። እኔም ያወቅሁት ውሃ ቀድቼ ስመለስ ነው።»

ኤንቨሎፑን ተቀበለችኝ። የልጇን ፎቶ አንድ በአንድ አየች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ተነስታ ሆጃ ቀዳችልኝ፤ «ግቢ፣ በሩ ላይ አትቅሪ» አለችኝ።

ጎረቤትዮዋ አንገቷን ወደ ግድግዳው መልሳ «ማሻ አላህ፣ ምን ዓይነት አበባ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ነጃት ስኒውን እጄ ላይ እያስቀመጠች መለሰችላት።

«እናቴ ናት» አለች። «ከፊቷ የቆመው ሮማን ነው።»